ጥርስ ሠሪው አማች በአመድ ዕለት የአማታቸውን ጥርስ ያደረሱበት ዜና

በዘመነ አማችነታቸው በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ይኸውም የቤታቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደ ፈረስ መዝለል በጀመረ በሁለተኛው፣ ትንሿ ልጃቸውም የፊት ጥርሶቿን ባወለቀች በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ሰርግ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ድድ አሳራፊው፣ መንጋጋ አስታራቂው፣ የጄሶና የሰም ጌታ፣ ክራንቻን ከክራንቻ የሚያሰልፉት፣ በደንበኞቻቸው ዘንድ «እጀ ወርቅ»፣ በሚስታቸው ዘንድ «የኔ ጌታ»፣ በአማታቸው ዘንድ ግን «ሰውዬው» የሚባሉት ጥርስ ሠሪ፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው፣ በቀኝ እጃቸው አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ይዘው ከቤታቸው ወጡ።

በጠርሙሱ ውስጥ ማርማላታ አልነበረም። ንጹሕ ውሃ ነበረ፤ በውሃውም ውስጥ የአማታቸው አዲስ ጥርስ፣ የላዩም የታቹም፣ ለሚያየው ሁሉ ፈገግ እያለ ተቀምጦ ነበር።

ይህ ጥርስ ስለ ምን በጠርሙስ ተጓዘ ቢሉ፣ ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ሠሪ የሆነ ሰው ፊት አያይም፤ አፍ ያያል። ደንበኛው በአካል ወደ እርሱ አይመጣም፤ ሐኪሙ የአፉን ልክ ወስዶ በጄሶ ይልክለታል እንጂ። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ፊት ከሌላቸው አፎች ጋር ይውላል፣ ከእነርሱም ጋር ያመሻል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጥርስ ሠሪው የዛሬዋን ሚስታቸውን ሊያጩ ወደ ወላጆቿ ቤት በገቡ ጊዜ፣ ሳሎኑ በአጎትና በአክስት ተሞልቶ፣ እናቲቱም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ» ሊሉ አፋቸውን ከፈት ባደረጉ ጊዜ፣ ጥርስ ሠሪው ዓይናቸውን ከዚያ አፍ ላይ ሳይነቅሉ፣ ሰላምታውንም ሳያስጨርሱ፣ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት እንዲህ ብለው አወጁ፤

«ይሄን ጥርስ ማነው የሠራልዎት? የግራው ዝቅ ብሏል እኮ!»

አንድ አጎት ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ አንዲት አክስት ብርጭቆዋን አነሣች። ልትወጣ ደጃፍ ደርሳ የነበረችው «ልጄ» የምትባለው ቃልም ወደ ኋላዋ ተመልሳ ተዋጠች። ልጅቱን መስጠቱን ሰጧቸው፤ ቃሏን ግን ከለከሏቸው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሌሎቹ አማቾች፣ አንደኛው ጣውላ ነጋዴ፣ ሁለተኛው የትራፊክ ፖሊስ፣ በዚያ ቤት «ልጄ፣ ልጄ» ሲባሉ፣ ጥርስ ሠሪው «ሰውዬው ጨው ያቀብለኝ»፣ «ሰውዬውን በሩን ዝጋ በሉት፣ ብርድ ገባ»፣ «ሰውዬውስ አይበላም እንዴ?» እየተባሉ ኖሩ። አማቲቱም ያን የግራው ዝቅ ያለ ጥርስ ለማንም ሳያስነኩ፣ በቀኝ በኩል ብቻ እያኘኩ፣ በሰው ሁሉ ዘንድ ደህና መስለው ዘመኑን ገፉ።

ወእምዝ የመጨረሻዋ ልጃቸው ሰርግ ቀረበ፤ አማቲቱም የጦር አዛዥ ሆኑ። ወንበር አከራዩንም አስቀርበው፣ «እነዚህ ወንበሮች ናቸው ወይስ የወንበር አስከሬን?» ብለው ሲቆጡ፣ ልክ «አስከሬን» ላይ ሲደርሱ የላይኛው ጥርስ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ወንበር አከራዩ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አማቲቱ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉና ዝም አሉ።

ለዘመናት «ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም ባሉልን» እያለ ሲመኝ የኖረ ቤት፣ ዝምታው በመጣ ጊዜ የሚያደርገውን አጣ። አበባው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ጠፋ። ጣውላ ነጋዴው አንድ ጠረጴዛ ተሸክሞ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ዋለ። የአማቲቱን ቅንድብና ጣት የምታነብ የጥርስ ሠሪው ሚስት ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ የቤቱ አስተርጓሚ ሆና ተሾመች፤ በተሾመችም ዕለት፣ እርሷ ለሰርጉ ቀድማ ስትመጣ ሩቅ ከተማ ባለው ቤታቸው ለሥራ ወደ ቀሩት ባሏ ስልክ ደውላ እንዲህ ስትል አወጀች፤

«እማዬ ጣቷን ወደ አንተ አገር ቀስራ፣ ቅንድቧን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አድርጋለች። ትርጉሙ ‹ያው ሰውዬው ይሥራው፣ ምን ምርጫ አለ› ነው። ልኩን ሐኪሙ ልኮልሃል። ስማኝ ደግሞ፤ ጥርስ ሳይኖረኝ ፎቶ አልነሣም ብላለች። ሙሽሪትም እማዬ ካልተነሣች አልነሣም ብላለች። ፎቶ አንሺው ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች አላነሣም ብሏል። እንግዲህ እወቅበት!»

የአማቲቱ አፍ በጄሶ ተሠርቶ በጥርስ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ አፍ በፊታቸው ተከፍቶ ሳለ አልተቆጣቸውም። ጥርስ ሠሪውም ሰሙን እያቀለጡ፣ «እዚህ ጋ ያምዎታል? እሺ እዚህ ጋስ?» እያሉ ያጫውቱት ነበር። ግራውን ከቀኙ ጋር ለክተው፣ ደግመው ለክተው፣ ሊለኩት ሌሊት ከአልጋ ተነሥተው፣ ሲያለሰልሱትና ሲያብሱት ሳምንቱ አለቀባቸው፤ ሰርጉ የሚውልበት ቅዳሜም ደረሰ። ምስጋና አልፈለጉም። የፈለጉት ያቺን የተዋጠችውን ቃል ብቻ ነበር፤ የምትወጣበትንም በር በገዛ እጃቸው ሠርተው በጠርሙስ ይዘው ሄዱ።

በአውሮፕላን ማረፊያው የፍተሻ በር የቆመችው ሴት ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፤ ጥርሱም አያት። ወደ ኋላዋ አንድ እርምጃ ሄዳ፣ ከዚያም የመንግሥት ሰው መሆኗ ትዝ ብሏት ተመልሳ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ እንዲህ ብላ አወጀች፤

«ውሃው አያልፍም! ጥርሱ ግን ይለፍ!»

ጥርስ ሠሪውም ውሃውን ደፉት፤ አዲስ ጥርስ ከደረቀ ቅርጹ ይጣመማልና ጥርሱን በእርጥብ መሐረብ ጠቅልለው አለፉ። ካለፉም በኋላ ጠርሙሱን ከቧንቧ ሞልተው ጥርሱን ወደ ማደሪያው መለሱት። ሁሉም ነገር እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

ወበይእቲ ዕለት ግን፣ ስሙን እስከዚያ ጠዋት ድረስ ማንም ሰምቶት የማያውቅ አንድ ሩቅ ተራራ፣ ዘመን ሙሉ አንቀላፍቶ ኖሮ፣ ምን እንደነካው ሳይታወቅ አስነጠሰ። በአዳራሹ ያለው ድምፅ ማጉያም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከማር በለሰለሰ የሴት ድምፅ እንዲህ ሲል አወጀ፤

«ክቡራን መንገደኞቻችን፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ምክንያት በረራዎች በሙሉ እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ተሰርዘዋል። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። እባክዎ ወንበር ላይ እግርዎን አይስቀሉ።»

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ነበር። «የታለ አመዱ?» የሚል አዋጅ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። አንዱ የአየር መንገዱን ጠረጴዛ ከበበ፤ ሌላው የከበበውን ከበበ። ከፊሉ ሻንጣውን ተንተርሶ ተኛ። አንድ ወፍራም ሰው ተራራውን በእናቱ ሰደበው። በዚህ ጊዜ አንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ሙያዋ እንዲህ ተፈልጎ የማያውቅ፣ ደስታዋን መደበቅ እያቃታት ሻንጣዋ ላይ ወጥታ አስተማረች፤

«ዝም በሉና ስሙኝ! የምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይ ነው። በዓይን አይታይም። ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ግን ከሙቀቱ የተነሣ ቀልጦ መስታወት ይሆንና ይለጠፋል! ኧረ አንተ ከኋላ፣ አትሳቅ፤ ፈተና ላይ ይመጣል!»

ሕዝቡ አላመናትም፤ ከጠረጴዛውም ዙሪያ ንቅንቅ አላለም። ጥርስ ሠሪው ግን አመኗት። እርሳቸው የሸክላ ጥርስ ሲሠሩ ነጩን ዱቄት ምድጃ ውስጥ ከትተው መስታወት ሲያደርጉት የኖሩ ናቸው፤ አንዴ የተለጠፈ እንደማይለቅም የገዛ ምድጃቸው ግድግዳ ምስክራቸው ነው። ስለዚህ በዚያች ቀን አውሮፕላን እንደማይነሣ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድመው ተረዱ። ጠርሙሳቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ በአዳራሹ መካከል ቆመው፣ የዘመቻቸውን አዋጅ አወጁ፤

«እኔ በመኪና ልሄድ ነው! ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለብኝ። እምቢ ያለ እዚሁ እግሩን ሳይሰቅል ይቀመጥ!»

ነጋሪት የሚጎስም ስላልነበረ፣ ከጎናቸው የተቀመጠ አንድ የእግር ኳስ ዳኛ ከደረት ኪሱ ፊሽካውን አውጥቶ ነፋው። አዳራሹ ጆሮውን ያዘ።

ከእርሳቸው ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ፣ ያ ዳኛ፤ በየሜዳው ስድብ ጠጥቶ ያደገ፣ ጡጫ የማያስደነግጠው፣ ቢጫና ቀይ ካርዱን እንደ መታወቂያ ከልቡ በላይ የሚይዝ። ቀጥሎ አስተማሪዋ፤ ቦርሳዋ ውስጥ የማይገኝ ነገር የሌለ፤ ያስተማረችውን ያመነላት ሰው በማግኘቷ ብቻ እስከ ዓለም ዳርቻ ልትከተል የቆረጠች። መጨረሻ አንድ እንቅልፋም ሰው። ይህ እንቅልፋም ራሱን በዳኛው ትከሻ ላይ ጥሎ ሲያንኮራፋ ነበር፤ ትከሻው ሲነሣ እርሱም ተነሣ፤ ትከሻው ሲሄድ ዓይኑን ሳይገልጥ ተከተለ። ወዴት ሊሄድ እንደነበረ የጠየቀው የለም፤ ጉዞውን ግን አልተቃወመም።

በመኪና ማቆሚያው አንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ ብቻ ቀርታ ነበር። ባለቤቱ፣ ጡሩምባውን ያለ ምክንያት ስለሚነፋ «ጡሩምባ» የሚሉት፣ ከመቀመጫዎቹ ላይ እስከ ጣሪያዋ ድረስ የስፖንጅ ፍራሽ ጭኖባት፣ ፍራሹን ወደ ሰርጉ ከተማ ሊያደርስ ተሰናድቶ ነበር። ጥርስ ሠሪው ሠራዊታቸውን ይዘው በቀረቡ ጊዜ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ እንዲህ ብሎ አወጀ፤

«አልጭንም ብያለሁ አልጭንም! ፍራሽ ነው የጫንኩት። ፍራሽ እንደ እናንተ ‹መስኮት ዝጋ›፣ ‹ቀስ ብለህ ንዳ›፣ ‹ሽንት ቤት አቁምልኝ› አይልም!»

በገዛ ቀልዱም ከት ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ዕጣውን ወሰነ። ጥርስ ሠሪው የዚህን ሰው ፊት በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም፤ አፉን ግን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። እየቀረቡ፣ እየቀረቡ፣ አንገታቸውንም በመስኮቱ አስገብተው ወደ ጉሮሮው ተመለከቱ።

«ምን አፌን ታየኛለህ ጋሼ፣ ፈረስ ልትገዛ ነው እንዴ?» ብሎ ጡሩምባ ጮኸ።

ጥርስ ሠሪውም ከደስታቸው የተነሣ እንደዚያን ጊዜው፣ እንደ ሽምግልናው ቀን፣ ሳያስቡ አወጁ፤

«ይህ ጥርስ የኔ ነው!»

ጡሩምባ አፉን በሁለት እጁ ከደነ። በጣቶቹም መካከል፣ «አልሰጥም! እየበላሁበት ነው!» የሚል የመማጸን አዋጅ ተሰማ። ዳኛው ነገሩ ወደ ግብግብ እንዳይሄድ ፊሽካውን ነፋ።

ጥርስ ሠሪውም ቃላቸውን አስተካከሉ፤ ሠሪው እርሳቸው እንደሆኑ፣ ጥርሱን ሊወስዱበት እንዳልመጡ፣ ነገር ግን ሲስቅ በቀኝ በኩል ብድግ ሲል እንዳዩት፣ ስለዚህም ዳቦ በነከሰ ቁጥር ድዱን እንደሚወጋው፣ በዚህ ሰሞን የሚነፋው ጡሩምባም ከዚያ ሕመም የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹለት። ጡሩምባ እጁን ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሚስቱ እንኳ ያላወቀችለትን ሕመም አንድ ሰው በመስኮት አይቶ አወቀለት። ያለ አንዳች ክርክር ጥርሱን አውልቆ ሰጣቸው።

ያን ጊዜ የአስተማሪዋ ቦርሳ ተከፈተ። ከውስጡ ሊፕስቲክ ወጣ፤ ጥርስ ሠሪው የጥርሱን የውስጥ ወገን በስሱ ቀቡትና ወደ ጡሩምባ አፍ መለሱት፤ «ነክሰህ ያዝ» አሉት፤ ነከሰ። ሲያወልቁት ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ የሚወጋው ቦታ ነውና፣ እርሱን ለይተው፣ ከዚያው ቦርሳ በወጣ የጥፍር ሞረድ፣ በሚኒባሷ ኮፈን ላይ ጎንበስ ብለው፣ እፍ እያሉ ሞረዱት። ሁለተኛም ቀቡ፣ ሁለተኛም ሞረዱ። አስተማሪዋ ሊፕስቲኳ ሲያልቅ አይታ ስለ ሳይንስ ስትል ዝም አለች። ከዚያም ለጡሩምባ ከዳኛው ስንቅ አንድ ደረቅ ዳቦ ተሰጠው።

በቀኝ በኩል ነከሰ። ቆመ። እንደገና ነከሰ። አፉ ዳር እስከ ዳር ቀልቶ፣ የሙሽራ ሚዜ መስሎ፣ በመኪና ማቆሚያው ሁሉ እየዞረ አወጀ፤

«አላመመኝም! እናንተ ሰዎች፣ በቀኝ በላሁ! ፍራሹን ጣሪያ ላይ እሰሩት፤ እኚህን ሰውዬ በጀርባዬም ቢሆን አደርሳቸዋለሁ!»

ፍራሹ ወደ ጣሪያ ወጣ፤ ሠራዊቱ ወደ ውስጥ ገባ። እንቅልፋሙ ወንበር ሲያገኝ አመስግኖ ተኛ፤ ማንን እንዳመሰገነ አልታወቀም።

መንገዱ የተጀመረው በዘፈን ነበር። ጡሩምባ በቀኝ በኩል እያኘከ፣ በግራ በኩል እየዘፈነ፣ ዳገቱን ሁሉ አላቆመም። ዘፈኑን ያቆመችው ሚኒባሷ ናት፤ ጭስ አወጣች፤ በመኪናይቱ የነበረው የመጠጥ ውሃ በሙሉ ለእርሷ ራዲያተር ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ውሃ የጠርሙሱ ብቻ ሆነ፤ እርሱን ጥርስ ሠሪው በሁለት ጉልበታቸው መካከል፣ እንደ ዕንቁላል፣ ጠብቀው ያዙት።

ቀኑ ሲጋመስ፣ ሰማይ የተዘጋበት ሕዝብ ሁሉ ወደ ምድር ወርዶ ኖሮ፣ አንዲት ጠባብ ድልድይ አፍ ላይ ከመኪና ብዛት የተነሣ መሄጃም መመለሻም ጠፋ። አንዱ የሌላውን መስታወት ያንኳኳል፤ ጡሩምባም ስሙን አስጠርቶ ነፋ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ ከዚያ ቦታ ግን ማዘንበል ጀመረች፤ ጥርስ ሠሪውም እርሷን እያዩ ቀለማቸው ተለወጠ። ይህን ያየው ዳኛ እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ። ድልድዩ መካከል ቆሞ ፊሽካውን ነፋ፤ ሰው ደግሞ ፊሽካ ሲሰማ ሳያስብ ይቆማል። ካርዱንም አወጣና አወጀ፤

«አንተ ባለ ነጩ፣ ከጨዋታ ውጪ ነህ፤ ወደ ኋላ! እመቤት፣ የቅድሚያ ዕድሉ የእርስዎ ነው፣ ይለፉ። የጭነት መኪናው፣ ያላየሁህ መሰለህ? ቢጫ! ሁለተኛ ከደገምክ ወደ ልብስ መቀየሪያ!»

ሹፌሮቹ ሰደቡት፤ እርሱም በስድቡ እንደ አበባ ፈካ። በአንድ በኩል ያለውን አሳለፈ፣ በሌላው በኩል ያለውን አሳለፈ፣ ሰማያዊቱ ሚኒባስ ድልድዩን በተሻገረች ጊዜ ከሁለቱም ወገን ጭብጨባ ተሰማ። ያ የጭነት መኪና ሹፌር ከሁሉ በላይ አጨበጨበ።

ዳኛውም ከላቡ የተነሣ ሸሚዙ ከገላው ተጣብቆ፣ ጉሮሮው ከፊሽካው ብዛት ደርቆ ተመለሰ። ጥርስ ሠሪው ወርደው ጎማ እያዩ ነበር፤ ጠርሙሱ ወንበር ላይ ነበር። ዳኛው ጠርሙስ አየ፤ ውሃ አየ፤ ሌላ ምንም አላየም። ክዳኑን ከፍቶ አንጋጠጠና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ መጨረሻዋ ጠብታ ላይ ሲደርስ የአማቲቱ ጥርስ ወደ ከንፈሩ ተንሸራትቶ መጣና ከንፈሩን ገጠመው።

ጩኸቱ ድልድዩን አልፎ ተሰማ። ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ፤ ቀይ ካርዱን አውጥቶ በገዛ አናቱ ላይ ከፍ አደረገና፣ «ቀይ! ራሴን አባርሬያለሁ!» ብሎ አወጀ፤ በእግሩም ወደ መጣበት መሄድ ጀመረ። ጥርስ ሠሪው ግን ምሕረት ወዳድ ናቸውና ከኋላው እንዲህ አሉ፤

«ና ግባ፣ ተምረሃል! ብቻ ለአማቴ ትንፍሽ እንዳትል!»

ምሕረቱ ተሰጠ እንጂ ውሃው አልተመለሰም። መኪናዋ እንደ ዳቦ ምድጃ ትግላለች፤ ጥርሱ ሲደርቅ በዓይናቸው የሚታያቸው ጥርስ ሠሪ ጠርሙሱን በኮታቸው ከፀሐይ ጋረዱት። ግራው ቢጣመምስ? ያን ያህል ለክተውት፣ ደርሰው፣ እውነትም ዝቅ ብሎ ቢገኝስ? በዚህ ጭንቅ ጊዜ አስተማሪዋ ከእግሯ ሥር አንድ ትልቅ ሐብሐብ አወጣች፤ ወንዶቹ በድልድዩ ሲሟገቱ እርሷ ከመንገድ ዳር ሻጭ ገዝታው ነበር። በጡሩምባ ጉልበት ላይ ተፈለጠ፤ ከመቀመጫው በታች ላለው ሁሉ ዝናብ ሆነ፤ የቀረው ጭማቂ በጠርሙሱ ተጠራቀመ። የአማቲቱ ጥርስም በቀይ ባሕር ውስጥ ሰጠመ፤ ከበፊቱም ይልቅ ፈገግ ያለ መሰለ። እንቅልፋሙ ዓይኑን ሳይገልጥ አንድ ቁራጭ በልቶ ፍሬውን በሥርዓት በመስኮት ተፋ።

ፀሐይ የጣሪያዎቹን ጫፍ ስትነካ ሠራዊቱ ከሰርጉ አዳራሽ ደጃፍ ደረሰ። በዚያም የዝምታ መንግሥት ምን እንደሚመስል ታየ። ወንበሮቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ አዙረው ተደርድረው ነበር። ኬኩ መግቢያው በር ላይ፣ ከጫማ መጥረጊያው አጠገብ ቆሟል። ሙዚቀኞቹ ጀምሩ የሚላቸው አጥተው መሣሪያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እንግዳው ባዶ ሳህን ይዞ ይዞራል፤ ጣውላ ነጋዴው ያንን ጠረጴዛ እንደተሸከመ ነበር። ፎቶ አንሺው የካሜራውን ሦስት እግር እያጣጠፈ፣ ሙሽሪት እያለቀሰች፣ ሙሽራው የምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ ሊያለቅስ ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ አገኟቸው።

አማቲቱ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች የዕቃ ክፍል፣ በለስላሳ መጠጥ ሣጥኖች መካከል፣ በአንደኛው ላይ ተቀምጠው፣ ሻርፑን አፋቸው ላይ እንደጣሉ ነበሩ። ጥርስ ሠሪው ገቡ፤ አቧራና የሐብሐብ ጭማቂ ያልነካው የልብሳቸው ክፍል አልነበረም። ማጠቢያ ውሃ ፍለጋ ዞር አሉ፤ የሰርጉ ግርግር ባልዲውን ወስዶታል፤ ፀሐይቱም በትንሿ መስኮት እየወረደች ነበር። ጊዜ አልነበረም። ጥርሱን እንዳለ አቀረቡት። አማቲቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ የታቹን አስገቡ፤ የላዩን አስገቡ፤ ገጠሙት። እንደ ጥሩ መሳቢያ ነበር የተዘጋው።

ምላሳቸውን አዙረው ቀመሱ። ቅንድባቸው ከፍ አለ። በሩ ላይ የቆመችው ሚስት፣ አስተርጓሚዋ፣ «ጣፈጠኝ ማለቷ ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ሥልጣኗ በዚያች ሰዓት አበቃ፤ እናቲቱ ሻርፑን ወርውረው እንደ ነፋስ አጠገቧ አለፉና አዳራሹ መካከል ቆሙ፤ የሰርጉም አዋጅ ወጣ፤

«ማነው ይሄን ወንበር ወደ ወጥ ቤት አዙሮ የደረደረው? የምናጋባው ሽንኩርቱን ነው? አዙሩት! እናንተ ሙዚቀኞች፣ ለቅሶ ነው የመጣችሁት? ምቱ እንጂ! ያንን ኬክ ከበሩ አንሡልኝ፣ ሰው ጫማውን ሊጠርግበት ነው! አንተ ልጄ፣ ያንን ጠረጴዛ አስቀምጥ፣ እጅህ ይወልቃል! ፎቶ አንሺ፣ ወዴት ወዴት? ያንን ሦስት እግርህን መልሰህ ትከል፤ እኔ እሺ ሳልል ፀሐይ አትጠልቅም! ይሄ የተኛ ሰውዬ የማነው? የሙሽራው ወገን ነው? ምን አፍ አፌን ታዩኛላችሁ፣ ሰውዬውን አብሉት እንጂ!»

አዳራሹ ትንፋሹ ተመለሰለት። ወንበሮቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ዞሩ፤ ከበሮ ተመታ፤ ሳህኖች ሞሉ፤ ሙሽሪት በሳቅና በእንባ መካከል ተያዘች። ዳኛው ከደስታ ብዛት ለማንም ያልታወቀ ግብ አጸደቀ። እንቅልፋሙ ፊቱ ላይ ምግብ ሲሸተው ዓይኑን ገልጦ፣ ግራና ቀኙን አይቶ፣ «ይሄ የት ነው?» ብሎ አወጀ፤ ሊሄድ የነበረው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑም ያን ጊዜ ታወቀ፤ ሳህኑን ካየ በኋላ ግን ቅሬታ አላቀረበም።

ጥርስ ሠሪው በዕቃ ክፍሉ በር ላይ ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አዋጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተዋል። «ልጄ» የሚለው ቃል ወጥቷል፤ ግን ለጣውላ ነጋዴው ነው የወጣው። «ሰውዬው»ም ወጥቷል፤ እርሱ ደግሞ ለእንቅልፋሙ ሆኗል። እንግዲህ እርሳቸው ከሁለቱም የተራቆቱ፣ ስም የሌላቸው ሰው ሆነው ቆሙ፤ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ለመሄድ ዞር አሉ።

በዚህ ጊዜ አማቲቱ ሕዝቡን እየሰነጠቁ መጡ። በፊታቸውም ቆሙ። ከበሮ መቺው ምን ሊሆን ነው ብሎ እጁን አየር ላይ አቆመ። አማቲቱ አፋቸውን ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ጥርሱ በምሽት ፀሐይ አብረቀረቀ፤ ከዚያም የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሳሎን ውስጥ እንደተባለው፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚህ ሁሉ ዘመድ ፊት እንዲህ ብለው አወጁ፤

«የግራው ዝቅ ብሏል እኮ፣ ልጄ።»

ግራው ዝቅ አላለም። ጥርስ ሠሪው ለክተውታል፣ ደግመው ለክተውታል፣ ሌሊትም ተነሥተው ለክተውታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣታቸውን አፍ ውስጥ ከትተው ያረጋግጡ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይናቸውን ከሰው አፍ ላይ አንሥተው ወደ ላይ፣ ወደ ዓይን ተመለከቱ፤ የአማታቸውም ዓይን ቡናማ መሆኑን፣ በሁለቱም ዳር ሳቅ እንዳለበት አዩ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገውም፣ «አዎ እማዬ፣ ዝቅ ብሏል» አሉ፤ ለአማት ሲባል የተነገረ ውሸት ከዚህ የሚበልጥ አልተሰማም።

ፎቶው ተነሣ። በእርሱም ላይ ሙሽሪትና ሙሽራው ከመካከል፣ አማቲቱ ከሁሉ ቀድሞ በሚታይ ጥርስ ከጎናቸው፣ ጡሩምባ ከንፈሩ እንደቀላ፣ አስተማሪዋ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ለአንድ አጎት ስለ አመድ እያስረዳች፣ ዳኛው ፊሽካውን ነክሶ፣ እንቅልፋሙም ዓይኑን እንደ ገለጠ ይታያሉ። ፀሐይቱም ፈቃድ አግኝታ ጠለቀች።

ክብር ለእጃቸው ይሁን፤ ሰማይ ሲዘጋ ምድርን ለከፈቱት፣ ቀልጦ መስታወት የሚሆነውን አመድ በምድጃቸው ላወቁት፣ ሹፌርን በሳቁ ለማረኩት፣ በሞረድ መንገድ ለከፈቱት፣ የጠጣባቸውን ለማሩት፣ በሐብሐብ ባሕር የአማትን ጥርስ ሳይጣመም ላሻገሩት። ስማቸው በአፍ ሁሉ ይመስገን፤ የላዩም ጥርስ ከታቹ ጋር ተስማምቶ ያመስግናቸው። ድድ አሳራፊው፣ መንጋጋ አስታራቂው፣ የጄሶና የሰም ጌታ፣ በደንበኞቻቸው ዘንድ እጀ ወርቅ፣ በሚስታቸው ዘንድ የኔ ጌታ፣ ከዚያች ምሽት ጀምሮም በአማታቸው አፍ፣ ራሳቸው በሠሩት ጥርስ መካከል ወጥታ፣ ልጄ።